ማዞሪያዬን መልሱልኝ

ልጄ ከጃፓን የመጣች ያገለገለች መኪና ገዛ፤ እሰየው፣ ይባርክለት። ሬዲዮው ግን አገሩን አልለቀቀም። ስክሪኑ ላይ ያለው ጽሑፍ ከላይ እስከ ታች ጃፓንኛ። ኤፍኤሙም ከ76 ይጀምርና 90 ላይ ያበቃል፤ የአገራቸው የድሮ ልማድ ነበር አሉ። የአዲስ አበባ ጣቢያዎች ደግሞ ከ90 በላይ ናቸው። «ችግር የለም አባዬ» አለና ከአንቴናው ሽቦ ላይ ኮንቨርተር የምትባል፣ ክብሪት የምታህል ሳጥን አስገጠመ። ይህቺ ጉደኛ ከሁሉም ላይ 20 ትቀንሳለች። ሸገርን 102.1 ላይ ልስማ ስል 82.1 ላይ አገኘዋለሁ። ከ96 በታች ያሉትማ ወጥተው ቀሩ። ጣቢያው አንድ ቁጥር ይናገራል፣ ሬዲዮው ሌላ ይጽፋል፣ እኔ በስተርጅና መሪ ይዤ ሂሳብ እሠራለሁ።

የቮልሴ ሬዲዮ እንዲህ አልነበረም። በግራ የድምፅ፣ በቀኝ የጣቢያ ማዞሪያ፤ አለቀ። ሠሪው ሲፈታው አይቻለሁ፦ ማዞሪያው ሲዞር ጥቋቁር ዘንጎች በሽቦ ጥምጥም ውስጥ ገባ ወጣ ይላሉ፣ መርፌዋም አብራ ትሄዳለች። የወደዱትን ጣቢያ ለማስያዝ ከታች ከተደረደሩት ቁልፎች አንዱን ሳብ፣ ከዚያ መልሶ ጥብቅ አድርጎ መጫን። ባትሪው ወር ሙሉ ተነቅሎ ቢቀመጥ እንኳ አይረሳም። የዛሬው ባትሪ በተነቀለ ቁጥር ጣቢያውንም ሰዓቱንም ይረሳል፤ ረሺ የሚባለው ሽማግሌ ግን እኔ ነኝ።

እርግጥ ቮልሷ ቤንዚን ሲሰጣት ሬዲዮውም አብሯት ያፏጭ ነበር። ቢያፏጭስ? ከከተማ ወጥቼ፣ ሰንዳፋን አልፌ ድምፁ መሳሳት ሲጀምር፣ ዓይኔን ከመንገዱ ሳልነቅል ማዞሪያውን ነካ እያደረግኩ እከተለው ነበር። ይኼኛው ጣቢያ ፈልግ ሲሉት ደከም ያለውን ዘሎት ያልፋል። ማን ጠየቀው? የምሰማው እኔ፣ የሚወስነው እሱ!

አሜሪካ ያለችው እህቱ ምሬቴን ሰምታ ከዚያ አዲስ ሬዲዮ ላከችልኝ። እግዜር ይስጣት፤ ግን እሱ ደግሞ ሚዲየም ዌቭ ላይ የሚራመደው እንደ አሜሪካ በ10 በ10 ነው። እኛ ዘንድ እርምጃው በ9 ነው፤ የኢትዮጵያ ሬዲዮም 873 ላይ። ቁልፉን ብጫን 870፣ ደግሜ ብጫን 880። መሃል ላይ መቆም ነውር ሆኗል!

«ሴቲንግ ውስጥ ገብቼ አስተካክልልሃለሁ» አለኝ ልጄ። ገባ፤ ይኸው እስካሁን አልወጣም።