ሮማ አልወደቀችም፤ አይሻ በርጫ ላይ ናት

የታሪክ መጻሕፍት የምዕራቡ የሮማ መንግሥት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ476 ወደቀ ይላሉ። ይህ ጥናት ግን ወሬው አይሻ ከተማ እንዳልደረሰ ያረጋግጣል። ወሬ ወደ አይሻ የሚመጣው በባቡር ነበር፤ ባቡሩን ደግሞ የጠበቀው ያውቀዋል።

ጥናቱ የተካሄደው በሲቲ ዞን፣ ከደወሌ ድንበር ወዲህ፣ በአንድ የበርጫ ቤት፣ በአምስት ፍራሽና በሁለት የሻይ ፔርሙዝ ነው። የጥናቱ ዘዴ መቀመጥ ነበር፤ በኋላ ላይ ወደ መጋደም ተሻሽሏል።

ከሰዓቱ እንጀምር። ሮማውያን የቀኑን ብርሃን ከንጋት እስከ ጀንበር መጥለቂያ በ12 ከፍለው ይቆጥሩ ነበር። እኩለ ቀን ለእነሱም ስድስት ሰዓት ነው። ፈረንጅ ይህን ሲተወው እኛ ይዘነው ቀረን። ስድስተኛዋን ሰዓት «ሴክስታ» ይሏት ነበር፤ ስፔኖች የቀትር እንቅልፋቸውን «ሲየስታ» ያሉት ከዚችው ቃል ወስደው ነው። አይሻ ላይ ሴክስታ ስትገባ ሱቁ ይዘጋል፣ ውሻው መኪና ሥር ይገባል፣ ጉዳይ ይዞ የመጣ ሰው «ነገ ጠዋት ና» ይባላል። ሮማዊውም ጉዳዩን በጠዋት ጨራርሶ ወደ ስምንት ሰዓት ግድም መታጠቢያ ቤት ይወርድ ነበር። አይሻ ውኃ ስለሚቸግር መታጠቢያው ቀርቶ ላቡ ብቻ ተወርሷል።

ምሳ ባስታ በቲማቲም ነው፣ ከጎኑ ሙዝ ይቀመጣል። አንድ የችኮላ ተመራማሪ ይህን አይቶ «ይኸው፣ ጣልያን!» ሊል ይችላል። ነገር ግን የጥንቶቹ ሮማውያን ቲማቲም በዓይናቸው አላዩም፤ ቲማቲም ከአሜሪካ ወደ አውሮፓ የተሻገረው ገና በ16ኛው ክፍለ ዘመን ነው። በዚህ ነጥብ ላይ አይሻ ከሮማ ይልቅ ሮማዊት ሆና ተገኝታለች።

ሮማውያን ይህን አገር የት ያውቁታል የሚል ካለ፣ በ1ኛው ክፍለ ዘመን «የኤርትራ ባሕር ጉዞ» የተባለውን የመርከበኞች መመሪያ የጻፈው የግብፅ ነጋዴ አቫሊቴስ ስለተባለ ወደብ ያወራል። ብዙዎች ዘይላ ነው ይላሉ። ወደዚያ የሚገባው ዕቃ ብርጭቆ፣ ጨርቅ፣ ስንዴ፣ ወይንና ጥቂት ቆርቆሮ ነበር። ዛሬ በደወሌ በኩል ምን እንደሚገባ ለሚያውቅ ሰው ከወይኑ በቀር አዲስ ነገር የለውም።

አሁን ወደ መንግሥት እንግባ። ባለቅኔው ዩቬናል የሮማ ሕዝብ ድምፁን ትቶ ሁለት ነገር ብቻ ይናፍቃል፣ ዳቦና ትርዒት፣ ብሎ ተሳልቆ ነበር። ዳቦው ቀልድ አልነበረም። አውግስጦስ ነፃ እህል የሚሰፈርላቸውን ሰዎች ቁጥር ቀንሶ እንኳ 200,000 ያህል ቀርተዋል። እህሉ ከግብፅና ከሰሜን አፍሪካ በመርከብ ነው የሚመጣው፤ መርከብ የዘገየ ዕለት መንግሥት ይናወጣል። በ51 ንጉሠ ነገሥት ቀላውዴዎስን ሕዝቡ በአደባባይ ከብቦ በደረቅ ዳቦ ወግሮታል፤ በቤተ መንግሥቱ የኋላ በር ነው ያመለጠው። አጥኚው ግን ዳቦ አለቀ ብሎ በዳቦ መውገር ትንሽ ከንክኖታል።

በአይሻ የቀላውዴዎስን ፈተና በየቀኑ የሚሸከሙት የጫት ነጋዴዎቹ እመቤቶች ናቸው። ጫቱ ከአወዳይ በኩል ይመጣል። እህል ጎተራ ይገባል፣ ዓመት ይቆያል፤ ጫት ግን ቅጠሉ በደረቀ ቁጥር ካቲኖን የሚባለው ፍሬ ነገሩ እየሟሸሸ ይሄዳል፣ ሁለት ቀን ካለፈው ገራባ ነው። ስለዚህም የሮማ የእህል መርከብ ነፋስ ይጠብቅ ነበር፣ የጫት አይሱዙ ግን ማንንም አይጠብቅም። ሕዝቡ «አልቃይዳ» ብሎ የሰየመው ያለ ነገር አይደለም። ሮማ ዲዮክሊስ የሚባል ሠረገላ ነጂ ነበራት፤ 4,257 ጊዜ ሮጦ 1,462 ጊዜ አሸንፎ፣ በ42 ዓመቱ ሀብታም ሆኖ ጡረታ ወጣ። የጫት መኪና ነጂ ግን በየቀኑ ማሸነፍ አለበት። አንድ ቀን ሁለት ሰዓት ዘግይቶ ሲደርስ አጥኚው ቆሞ አይቷል። ሀራራ ያንቀለቀለው ሕዝብ በዝምታ ከቦት ነበር፤ ሾፌሩ መስኮቱን ሳያወርድ «ጎማ ነው አቦ፣ ጎማ!» ሲል ተሰማ። የሚወገርበት ደረቅ ዳቦ ባለመኖሩ ተረፈ።

ሮማ ያለ ቶጋ አደባባይ አትግቡ የሚል ትእዛዝ ከአውግስጦስ ደርሷት ነበር። እዚህ ሕጉ የተገለበጠ ነው። በሱሪ የገባ ሰው «ኧረ ተመቸት!» ተብሎ ሽርጥ ይወረወርለታል፤ ሽርጥ እስኪያገለድም ድረስ ንግግሩ እንደ ምስክርነት ይቆጠርበታል። ከዚያ ይጋደማል። የሮማ ግብዣ ቤት በሦስት አልጋ፣ ባንዱ ሦስት ሦስት ሰው ሆኖ ዘጠኝ ይይዛል፤ ሁሉም በግራ ክርኑ ይደገፋል፣ ቀኝ እጁ ለመብል ነፃ ነው። አጥኚው ቤቱን ቆጠረ፤ ዘጠኝ ሰው፣ ዘጠኝ የግራ ክርን፣ ዘጠኝ ያበጠ ጉንጭ። የማስረጃው ብዛት አስደንግጦት ግኝቱን ከአጠገቡ ለተጋደሙት ሽማግሌ አካፈለ።

«አዴር፣ ሮማውያንም ልክ እንደ እርስዎ በግራቸው ነበር የሚጋደሙት።»

ሽማግሌው አንድ ቀንበጥ መርጠው «ጀባ» አሉትና «ጫቱን ከየት ያመጡት ነበር?» ብለው ጠየቁ።

«ጫት እንኳ አያውቁም ነበር።»

«ታዲያ ምን አጋደማቸው?»

ለዚህ ጥያቄ በሥነ ጽሑፉ መልስ አልተገኘም።

የበርጫው ምክር ቤት የሚሟሟቀው ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ነው። በዘጠኝ ስለ ግመል ዋጋ ይወራል፣ በአሥር ስለ ወደብ፤ በአሥራ አንድ ምርቃናው ሲይዝ የአይሻ ውኃ ችግር በቧንቧ ተፈትቷል፣ ነፋሱን ወደ መብራት የሚለውጡት ማማዎች ቁጥራቸው በእጥፍ አድጓል፣ ከተማዋ ባለ አምስት ኮከብ ሆቴል አላት። የሮማ ሕግ አንድ ብልህ አንቀጽ ነበረው፤ ሴኔቱ ጀንበር ከጠለቀች በኋላ የሚያሳልፈው ውሳኔ አይጸናም። የሴኔቱ አባል ካቶ ይህን ስለሚያውቅ የማይወደው ጉዳይ ሲቀርብ እስኪመሽ ያወራ ነበር። አይሻ ላይ ሁሉም ካቶ ነው። መግሪብ አዛን ሲል ሆቴሉም ቧንቧውም አብረው ይጠልቃሉ፣ ሰውም ጫማውን ፍለጋ ይነሳል።

አንባቢ እንዳይሳሳት፦ እውነተኛው ሕግ እዚህ ፍራሽ ላይ አልተቀመጠም። የአካባቢው የዒሳ ጎሳ ሔር 44 ሽማግሌዎች ዛፍ ሥር ተቀምጠው የሚመክሩበት፣ በቃል የኖረ ሥርዓት ነው፤ ዩኔስኮም እ.ኤ.አ. በ2024 መዝግቦታል። ሮማ ሕጓን እንዳትረሳ 12 ሰሌዳ ላይ መጻፍ ነበረባት።

ትርዒት ቀረ። እ.ኤ.አ. በ80 ንጉሠ ነገሥት ቲቶ ኮሎሲየምን ሲመርቅ ጨዋታው 100 ቀን ቆየ፤ የተመልካቹን ጥላ የሚዘረጉትም መርከበኞች ነበሩ። የአይሻን ነፋስ የሚያውቅ ምክንያቱ አይጠፋውም፤ የኳስ ቤቱን ሸራ ለመያዝ ቅዳሜ ቅዳሜ አራት ጎረምሳ ይመደባል። ቁስጥንጥንያ ላይ በ532 የሠረገላ ውድድር ሰማያዊና አረንጓዴ ደጋፊዎች አብረው ተነስተው 30,000 ያህል ሰው እንዳለቀ ተጽፏል። አይሻ ላይ ቀዩና ሰማያዊው ሲጋጠሙ የደረሰው ጉዳት አንድ የፕላስቲክ ወንበር ነው፤ እሱም ቀድሞ የተሰነጠቀ ነበር።

አጥኚው ሲወጣ አመሻሽ ላይ ደጁ በፍየል ተሞልቷል። በሮማ ጥገኞች በየማለዳው በጌታቸው በር ተሰልፈው ፍርፋሪ ይጠብቁ ነበር። የቤቱ ልጅ ገራባውን በማዳበሪያ ይዞ ወጣና ደፋው። ፍየሎቹ ተጋፉ፤ አንዱ ወጠጤ ግን አፉን ሞልቶ ወደ ግድግዳው ጥግ ሄደና በግራ ጎኑ ተጋደመ።