«ትናንት እኮ በደንብ ተነስቶ ነበር»

ይህን ያላለ፣ ቢያንስ ሲባል ያልሰማ የሎስ አንጀለስ ሐበሻ ማግኘት ይከብዳል። እሁድ ከቅዳሴ በኋላ በቤተ ክርስቲያን ግቢ፣ ቅዳሜ ማታ ፌርፋክስ ላይ እራት ተበልቶ ቡና ተጠጥቶ ሰው ሊበተን ሲል፣ ሰኞ ንጋት ላይ ፓሳዴና ከአፓርትመንቱ ሥር ባለው ጋራዥ ውስጥ፣ ነገሩ ያው ነው። ቁልፉ ይዞራል፣ ከኮፈኑ ሥር ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ ይላል፣ የዳሽቦርዱ መብራት ብልጭ ብሎ ይፈዛል፣ ከዚያ ዝም። ባለቤቱ እጁን መሪው ላይ ጥሎ «ትናንት እኮ በደንብ ተነስቶ ነበር» ይላል። አዎ፣ ተነስቶ ነበር። ያረጀ ባትሪ እስከ መጨረሻዋ ጠዋት ድረስ ያስነሳል። ይህንኑ ዓመት በዓመት እንደ አዲስ ነገር እየሰማን፣ ዓመት በዓመት የባትሪ ማገናኛ ገመድ ያለው ሰው ፍለጋ መዞራችን ሰለቸኝ።

አገር ቤት ባትሪ ሲደክም መላ ነበረው። መኪናው ካምቢዮ ነው፤ የሰፈር ልጆች ይጠራሉ፣ ከኋላ ይገፋሉ፣ ሹፌሩ ሁለተኛ ማርሽ አስገብቶ ፍሪሲዮኑን ሲለቀው ሞተሩ ይነሳል። እዚህ መኪናው ሁሉ ማለት ይቻላል አውቶማቲክ ስለሆነ መንደሩ ተሰብስቦ ቢገፋውም አይነሳም። ደግሞስ ማን ይገፋል? ጎረቤት ከጎረቤት በስም አይተዋወቅም። የእርዳታ መኪናው እስኪደርስ ሰዓቱ ይሄዳል፤ በሰዓት ለሚከፈለው ሰው ደግሞ የሄደው ሰዓት ደመወዙ ነው። አረጋዊት የምትንከባከበው እህታችን የሌሊት ተረኛዋን ሳትቀይር ትቀራለች። ፓርኪንግ የሚሠራው ወንድማችን ለአለቃው የሚለው ያጣል። ልጅ ትምህርት ቤት በር ላይ ቆሞ ይጠብቃል። ፓሳዴና ላይ ይህም አይበቃም፤ በከተማው ደንብ ያለ ፈቃድ ከሌሊቱ 2 ሰዓት እስከ ጠዋቱ 6 ሰዓት፣ በአሜሪካ ሰዓት አቆጣጠር፣ መኪና መንገድ ላይ ማሳደር ክልክል ነው። ማታ መንገድ ዳር ባትሪው የሞተበት ሰው ሌሊቱን በቅጣት ስጋት ያድራል።

ባትሪ ሲሞት ሁሉም ብርዱን ይረግማል። ጉዳቱ የደረሰው ግን ጁላይና ኦገስት ላይ ነው። ፓሳዴና በሳን ጋብርኤል ተራሮች ግርጌ የተቀመጠች ናት፤ ሳንታ ሞኒካን የሚያቀዘቅዘው የባሕር ነፋስ እኛ ዘንድ ሲደርስ ኃይሉ አልቋል። በበጋ ከ100 ፋራናይት በላይ የሚሆንባቸው ቀናት ብርቅ አይደሉም፤ ኮፈኑ ሥር ያለው ሙቀት ደግሞ ከውጪው እጅግ ይብሳል። ባትሪው ውስጥ ያለው የእርሳስ ሰሌዳና በውሃ የቀጠነ ሰልፈሪክ አሲድ ነው፤ ፈረንሳዊው ጋስቶን ፕላንቴ በ1859 ከሠራው በመሠረቱ አልተለየም። ሙቀት ሲበዛ ውሃው ይተናል፣ የእርሳሱ ፍርግርግ ይበላል። የሞቀ ሞተር ማስነሳት ቀላል ስለሆነ ግን ጉዳቱ በበጋ አይታይም። ዲሴምበር ላይ የሞተሩ ዘይት ወፍሮ ሞተሪኖው ብዙ ኃይል ሲጠይቅ ነው ጉዱ የሚወጣው። ሲያትል ያለ ዘመዳችን «ባትሪዬ አምስት ዓመት አገለገለኝ» ሲል ሰምተን የኛም እንዲሁ ይዘልቃል ብለን እንጠብቃለን። አይዘልቅም። በዚህ ሙቀት ሦስት ዓመት የሞላው ባትሪ ሽማግሌ ነው።

አነዳዳችንም አይረዳውም። ከቤት እስከ ኮሎራዶ ጎዳና፣ ከዚያ ተመልሶ ቤት። ሞተሩ ሲነሳ የወሰደውን ኃይል ዲናሞው ለመተካት ጊዜ አያገኝም። ወደ ሥራ በባቡር የሚሄድ ደግሞ ሳምንቱን ሙሉ መኪናውን አቁሞ ይከርማል፤ የስርቆት ማንቂያው፣ ካሜራው፣ ኮምፒውተሩ በቆመበት ትንሽ ትንሽ እየመጠጡ ያደክሙታል።

ከሁሉ የሚያታክተኝ መረጃው ከባለቤቱ መራቁ ነው። የዛሬ መኪና የጎማው ነፋስ ሲቀንስ ይናገራል፣ ቀበቶ ሳታስር ስትነዳ ይጮኻል፣ ዘይት የሚቀየርበትን ጊዜ ያስታውሳል። ስለ ባትሪው ዕድሜ ግን ብዙዎቹ አንድ ቃል አይተነፍሱም። በባትሪ ቅርጽ የተሠራችው ቀይ መብራት ብዙ ሰው ታሳስታለች። ሞተሩ እየሠራ ከበራች ባትሪው እየተሞላ አይደለም፣ ዲናሞውንና ቀበቶውን እዩ ማለቷ ነው። ባትሪው አርጅቶ ነገ ሊሞት ሲል አትበራም። ባትሪው ላይ የታተመው ቀንስ? በብዙዎቹ ላይ አንድ ፊደልና አንድ ቁጥር ብቻ ነው። ኤ ጃንዋሪ፣ ቢ ፌብሩዋሪ እየተባለ ይቆጠራል፤ ቁጥሩ የዓመቱ መጨረሻ አሃዝ ነው። «ሲ3» ማለት ማርች 2023 ማለት ነው። ይህን ማን ነግሮን ነው የምናውቀው? የሁለት ሳምንት ዕድሜ ያለው ወተት ቀኑ በግልጽ ይጻፍበታል፤ ሰው በሌሊት መንገድ ላይ ሊያስቀር የሚችል ዕቃ ግን በምስጢር ፊደል ይሸጣል። በጎኑ ወርና ዓመት በግልጽ የሚለጥፉ አሉ፣ ይመስገኑ። ሌሎቹም እንዲያደርጉት መጠየቅ መብታችን ነው። መደርደሪያ ላይ የከረመ ባትሪም ስለሚደክም ሳትከፍሉ በፊት ፊደሉን አንብቡ፤ ከስድስት ወር በላይ የቆየ ከሆነ ሌላ እንዲያወጡላችሁ ጠይቁ።

ፕሪየስ ለሚነዱ ወገኖቻችን ደግሞ ነገሩ ከምሬት አልፎ ያስቆጫል። ታክሲም፣ ኡበርም፣ ሊፍትም የሚነዱ ስንቶቹ ናቸው በዚህ መኪና ልጅ ያሳደጉ! ፕሪየስ ሁለት ባትሪ አለው። አንደኛው 200 ቮልት ገደማ የሆነው ትልቁ የሃይብሪድ ባትሪ ነው። ሁለተኛዋ እንደማንኛውም መኪና 12 ቮልት የሆነች ትንሽ ባትሪ ናት፤ ከ2004 እስከ 2015 በተሠሩት ሞዴሎች ከኋላ በቀኝ በኩል፣ ዕቃ መጫኛው ጥግ ላይ ተሸፍና ትገኛለች። ኮምፒውተሩን የምትቀሰቅሰው ይህችው ትንሿ ናት። እሷ ስትደክም የዳሽቦርዱ መብራት ሁሉ ይደበላለቃል፣ «ሬዲ» የሚለው ጽሑፍ አይመጣም፣ ትልቁ ባትሪ ፍጹም ጤነኛ ሆኖ መኪናው ይቆማል።

አንድ የማከብራቸው አባት፣ የዕድሜ ልክ ሹፌር፣ ትልቁ ባትሪ ሞቷል ተብለው ሺዎች ሊከፍሉ ሲሉ አገኘኋቸው።

«ጋሼ፣ እስቲ መጀመሪያ ትንሿን ያስለኩ» አልኳቸው።

«ልጄ፣ ባለሙያው ትልቁ ነው ብሎኛል። እሱ ካላወቀ ማን ያውቃል?»

ትንሿ ነበረች። እሳቸው ባለሙያ አምነው ነው፤ ማመናቸው አያስወቅሳቸውም። የአንድ ቤተሰብ ኪራይ የሚያህል ዋጋ ከመጠራቱ በፊት የደቂቃዎች ፍተሻ አለመደረጉ ግን ያሳዝናል፣ ያናድዳልም። ፕሪየስ የምትነዱ ሁሉ፣ ትንሿ ባትሪ ተለክታ ውጤቷ በቁጥር ሳይነገራችሁ ለትልቁ ሳንቲም አትክፈሉ።

መለካት ከባድ አይደለም። መኪናው ቆሞ አድሮ ጠዋት ከመነሳቱ በፊት ቴስተር ሲደረግበት 12.6 ቮልት ገደማ ካሳየ ሙሉ ነው። 12.4 ከሆነ ሩቡ ጎድሏል፣ 12.2 ከሆነ ግማሹ። ሞተሩ እየሠራ ብዙውን ጊዜ ከ13.7 እስከ 14.7 ማሳየት አለበት፤ ከዚያ በታች ከሆነ መጀመሪያ ዲናሞውን አስፈትሹ። ሆኖም ቮልት ብቻውን ያታልላል። ያረጀ ባትሪ ቆሞ ሲለካ ደህና ይመስላል፣ ሞተሪኖው ሲጎትተው ከ9.6 በታች ይወርዳል። ለዚህ ነው ጭነት ተሰጥቶት መፈተሽ ያለበት፤ አውቶዞንና ኦራይሊን የመሳሰሉ የመለዋወጫ መደብሮች ይህን በነጻ ይሠራሉ። ባትሪው ራሱም ቀደም ብሎ ይናገራል። ጠዋት ሲነሳ ድምፁ ይጎተታል፣ ቆሞ ሳለ የፊት መብራቱ ይፈዛል፣ ጎኑ ያብጣል፣ የተበላሸ እንቁላል ይሸታል። ካበጠ ወይም ከሸተተ ገመድ አታገናኙበት፤ የሚያወጣው ጋዝ ሊፈነዳ ይችላል።

የእኔ ፍርድ ይህ ነው፦ በዚህ ሙቀት ባትሪ ሁለት ዓመት ሲሞላው በየዓመቱ ይፈተሽ፤ አራተኛው ዓመት ላይ፣ ቢያስነሳም፣ ይቀየር። «ገና ነው፣ አንድ ዓመት ይዘልቃል» የሚለው ምክር ከወዳጅ አፍ ስለሚወጣ ይጣፍጣል እንጂ ወዳጅን መንገድ ላይ ያስቀራል። ገንዘቡ ከየት ይምጣ የሚለውን አልዘነጋሁም። የቤት ኪራይ አለ፣ አገር ቤት የሚላክ አለ፤ ለአዲስ ባትሪ 200 ዶላር ገደማ፣ ኤጂኤም ለሚባለው የባትሪ ዓይነት ከዚያም በላይ ማውጣት፣ ያውም አሮጌው ገና እያስነሳ፣ ያማል። የሚቀየረው ግን አንድ ቀን አይቀርም፤ ልዩነቱ ቀኑን እኛ መምረጣችን ወይም እሱ መምረጡ ነው። እሱ ከመረጠ የመጎተቻውና የቀረው የሥራ ቀን ሒሳብ ይጨመርበታል።

አሮጌውን ባትሪ ጋራዥ ጥግ ማስቀመጥም ይብቃን። ካሊፎርኒያ ውስጥ አሮጌውን ሳታመጡ አዲስ ስትገዙ መያዣ ትከፍላላችሁ፤ አሮጌውን በ45 ቀን ውስጥ ከመለሳችሁ ይመለስላችኋል። በእያንዳንዱ ባትሪ ላይ የሚከፈለው 2 ዶላር ደግሞ በእርሳስ የተበከለ መሬት ለማጽዳት የሚውል ነው። ከሎስ አንጀለስ መሐል ከተማ በስተደቡብ ቨርነን የነበረው የኤክሳይድ የባትሪ ማቅለጫ በ2015 ሲዘጋ፣ ከቦይል ሃይትስ እስከ ሜይዉድ በሺዎች የሚቆጠሩ ቤቶች አፈር በእርሳስ ተበክሎ ነበር። ልጆች የሚጫወቱበት አፈር ነው። የእኛም አሮጌ ባትሪ ከዚያው እርሳስ የተሠራ ነው።

ጉዳዩን ከምሬት በላይ ያደረገብኝ የጃንዋሪ 7 ቀን 2025 ሌሊት ነው። የኢተን ሰደድ እሳት በነፋስ እየተገፋ ሲወርድ አልታዲናና ከፊል ፓሳዴና በጨለማ ልቀቁ ተባሉ። እንዲህ ባለ ሌሊት ማንም የማንንም መኪና ኮፈን ከፍቶ ገመድ አያገናኝም፤ መኪናው ወይ ይነሳል ወይ አይነሳም።

ስለዚህ አንድ ልመና አለኝ። ቶሎ የሚሞተው ባትሪ እሁድ ቤተ ክርስቲያን ደርሶ ከመመለስ በቀር የማይነዳው መኪና ባትሪ ነው፤ ያም ብዙውን ጊዜ የእናቶቻችንና የአባቶቻችን መኪና ነው። ኮፈን ከፍተው ፊደልና ቁጥር እንዲያነቡ አትጠብቁባቸው። በዚህ ሳምንት ሄዳችሁ ቀኑን እዩላቸው፤ ሁለት ዓመት ከሞላው ወስዳችሁ አስፈትሹላቸው።