ደለስ ያደረ ሻንጣ

ከሲያትል አዲስ አበባ ለመሄድ ቲኬት በሁለት መንገድ ይቆረጣል። አንደኛው ከቤት እስከ ቦሌ በአንድ ቲኬት ነው፤ ሻንጣን ሲያትል አስረክቦ ቦሌ መረከብ። ሁለተኛው እስከ ዋሽንግተን ደለስ በአገር ውስጥ በረራ፣ ከዚያ ወዲያ ደግሞ በሌላ ቲኬት በኢትዮጵያ አየር መንገድ መሄድ ነው። በሐምሌ፣ ልጆች ትምህርት ቤት ሲዘጋላቸውና ሐበሻው ሁሉ አገር ቤት ለመግባት ሲነሳ፣ የሁለቱ የዋጋ ልዩነት ለአንድ ቤተሰብ የወር አስቤዛ ይሆናል። እኔም ሁለተኛውን ቆረጥኩ። ማታ ደለስ እገባለሁ፣ በማግስቱ ረፋድ ላይ እበራለሁ። መሀሉ ላይ ያለውን ሌሊት ነው የማወጋችሁ።

በመጀመሪያ ግን ስለ ሻንጣው ላውራ። በኢትዮጵያ አየር መንገድ በኤኮኖሚ ለሚሄድ ሰው ሁለት ሻንጣ፣ እያንዳንዱ 23 ኪሎ፣ በፓውንድ 50 ይፈቀድለታል። አገር ቤት የሚሄድ ሰው ይህን ኪሎ ለራሱ ልብስ አያውለውም። መሄዴ እንደተሰማ ስልኬ መጮህ ጀመረ። «ትንሽ ዕቃ ናት፣ ኪሎም የላት» እየተባለ የመጣው ተደማምሮ ሁለቱን ሻንጣ ሞላ፤ የእኔ ቅያሪ በእጅ ቦርሳ ገባ። ይህን የምለው ለማማረር አይደለም። የፖስታው ዋጋና የጉምሩኩ ጣጣ ሲታሰብ፣ መነጽርም ይሁን መድኃኒት ለወላጅ የሚደርሰው በሰው እጅ ነው፤ እኔም የላክሁት ሁሉ በሰው እጅ ደርሶልኛል።

አንድ ነገር ግን አልለቅም፦ የታሸገ ዕቃ አልቀበልም። ላኪው ቤቴ ይመጣል፣ ምንጣፉ ላይ ቁጭ ብለን አንድ በአንድ እናወጣለን፣ አይቼ መልሼ የምከተው እኔው ራሴ ነኝ። ቅር የሚለው አለ። «አላመንሽኝም ማለት ነው?» ያለኝም አለ። ኤርፖርት ላይ ሻንጣውን ማን እንዳዘጋጀውና ከእጄ ወጥቶ እንደሆነ የምጠየቀው ግን እኔ ነኝ፤ ስጠየቅ ደግሞ እውነቱን መመለስ እፈልጋለሁ።

የዚያን ሰሞን አንዲት የሰፈራችን ልጅ ለእናቷ የደም ስኳር መለኪያ ስትሪፕ ይዛ መጣች። ቦታ እንዳይፈጅ ካርቶኖቹን እየቀደደች ጣለቻቸው፤ ብልቃጦቹን ግን አልነካቻቸውም። ስትሪፕ ከብልቃጡ ወጥቶ እርጥበት ከነካው ዋጋ የለውም፤ ሙቀትም አይወድም። በየብልቃጡ ላይ የታተመውን የማብቂያ ቀን በጣቷ እያሳየችኝ፣ አንዱን ብልቃጥ ባንድ ካልሲ፣ አንዱን ብልቃጥ ባንድ ካልሲ እየከተተች ደረደረቻቸው። ስትጨርስ «የምድርም የሰማይም አደራ አለብሽ» ብላኝ ሄደች። ከእሷ በኋላ የመጣው ደግሞ ዩኒቨርሲቲ ጨርሶ ለሚመረቅ ታናሽ ወንድሙ ጥቁር የቆዳ ጫማ ከነሳጥኑ ሰጠኝ። ሌላ ሌላውን ልተወው።

ደለስ ከዋሽንግተን ከተማ ወደ ምዕራብ 42 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ቨርጂኒያ ውስጥ ይገኛል። ሕንፃውን የነደፈው ትውልዱ ከፊንላንድ የሆነው ኤሮ ሳሪነን ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1962 ሲመረቅ እሱ ከሞተ አንድ ዓመት አልፎት ነበር። በሁለት ረድፍ ዓምዶች ላይ የተንጠለጠለው ጣሪያ ከመሀሉ ረገብ ብሎ፣ ገመድ ላይ የተሰጣ ሸማ ይመስላል። ብዙ ኢትዮጵያዊ የአሜሪካን ምድር መጀመሪያ የረገጠው እዚህ ነው፤ እኔም እንደዚያው። ያን ጊዜ ቀና ብዬ ለማየት አቅም አልነበረኝም። አሁን ቆሜ አየሁት፤ ያምራል።

ሻንጣዎቼን ከቀበቶው ላይ አውርጄ በኪራይ ጋሪ ላይ ጫንኩ። የነገ ጠዋት በረራ ሻንጣ የሚረከቡት ነገ ጠዋት ነው። እስከዚያ የት ይቀመጥ? መረጃ የሚሰጡትን ሰውዬ ጠየቅኋቸው። እዚህ ኤርፖርት ዕቃ በአደራ የሚቀመጥበት ሳጥንም ክፍልም የለም አሉኝ፤ ጥያቄው እንደሰለቻቸው ከፊታቸው ይታወቃል።

ምክንያቱ የቆየ ነው። እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 29 ቀን 1975 ኒው ዮርክ ላጓርዲያ ኤርፖርት፣ ሻንጣ መረከቢያው አጠገብ፣ ሳንቲም እየተከፈለ ዕቃ በሚቀመጥበት ሳጥን ውስጥ የተደበቀ ቦምብ ፈንድቶ 11 ሰው ገደለ፤ በርካቶችን አቆሰለ። ማን እንዳስቀመጠው እስከ ዛሬ በፍርድ ቤት የተረጋገጠበት ሰው የለም። ከዚያ ወዲህ ሳጥኖቹ አንዳንዱ ጋ ተነሱ፣ አንዳንዱ ጋ ከፍተሻው ወዲያ ተዛወሩ፤ እ.ኤ.አ. ከ2001ዱ የመስከረም ጥቃት በኋላ ደግሞ የተረፉትም ከብዙዎቹ የአሜሪካ ኤርፖርቶች ጠፉ። የሞቱት ሰዎች ታስበው የተወሰነ ነውና ውሳኔውን አልንቀውም። ግን ለንደን ሂትሮው ሻንጣውን በኤክስሬይ አይቶ፣ ገንዘብ ተቀብሎ፣ ደረሰኝ ሰጥቶ ያስቀምጣል። ፈትሾ ማስቀመጥ ከተቻለ ደለስም ይቻላል ባይ ነኝ። ሌሊቱን ሙሉ ክፍት የሆነ አንድ ክፍል ቢኖር፣ ስንት እናት፣ ስንት ሽማግሌ ሻንጣ አቅፎ ከማደር ይድን ነበር!

በአንድ ቲኬት የሚሄድ ሰው እኮ ይህ ሁሉ የለበትም። ለምሳሌ ቦሌ ላይ ቀጣዩን በረራ ከ8 እስከ 24 ሰዓት የሚጠብቅ መንገደኛ፣ ከዚያ የሚቀድም በረራ ከሌለው አየር መንገዱ ሆቴል ያሳድረዋል፤ ሻንጣውም ሳይነካው ያልፋል። በጥር 2011 ዓ.ም. የተከፈተው ስካይላይት ሆቴል፣ ኋላ በተጨመረው ሕንፃ ከ1,000 በላይ ክፍል የኖረው አንድም ለዚህ ነው። ቲኬቱ ሁለት ሲሆን ግን መሀል ያለው ሌሊት የመንገደኛው ነው።

ብቻውን በሚሄድ ሰው ላይ የመጀመሪያው ችግር እንቅልፍ አይደለም፤ መጸዳጃ ቤት ነው። ጋሪው በሩን አያልፍም፤ ውጭ ትቶ መግባት አይቻልም። ድምፅ ማጉያው ደጋግሞ ዕቃችሁን ጥላችሁ እንዳትሄዱ እያለ ይናገራል። ወዲያ ወዲህ ስል ዊልቸር የምትገፋ የአገሬ ልጅ አየችኝ። ደለስ ላይ ዊልቸር ከሚገፉት ብዙዎቹ የእኛ ሰዎች ናቸው።

«የኔ እህት፣ ብቻሽን ነሽ?»

«ብቻዬን ነኝ።»

«እንግዲያው ነይ፣ ጋሪሽን እንደያዝሽ የምትገቢበት ሰፊ ክፍል አለ። ቤተሰብ የሚገባበት ነው፣ ከውስጥ ይቆለፋል።»

በሩ ድረስ ወስዳኝ ከፍታልኝ ሄደች። ዛሬ ይህን የማይነግረኝ የጉዞ መጽሐፍ ምን ያደርግልኛል?

ማደሪያ አስቀድሜ ይዤ ነበር። ስተርሊንግ በኩል ያለ፣ ኤርፖርት እየመጣ እንግዳ የሚወስድ ሹትል ያለው ሆቴል ነው፤ ስሙን ልተወው። ወጥቼ ቆምኩ። የሌሎች ሆቴሎች ሹትሎች ይመጣሉ፣ ይጭናሉ፣ ይሄዳሉ። የእኔው የለም። ስደውል «መንገድ ላይ ነው» ይሉኛል፤ ኋላማ ስልኩንም የሚያነሳው ጠፋ። እኩለ ሌሊት ሲቃረብ ተስፋ ቆርጬ ወደ ታክሲው ተራ ሄድኩ።

ጠጉራቸው የሸበተ የአገሬ ሰው ወርደው ሻንጣውን ተቀበሉኝ። ከፍ አድርገው መዘኑና፣

«የምትሄጂ ነሽ እንጂ የመጣሽ አይደለሽም» አሉ። «ከአገር የሚመጣው በርበሬውና ቅቤው ይሸታል፤ ይሄ አይሸትም። ወዴት ነሽ፣ እህቴ?»

ስተርሊንግ ስላቸው ፊታቸው አልተለወጠም። ይህን የማነሳው በምክንያት ነው። የኤርፖርት ታክሲ ነጂ ተራ ይዞ ብዙ ሰዓት ይጠብቃል፤ ሜሪላንድ ወይም ዋሽንግተን የሚወርድ ሰው ሲደርሰው የሌሊቱ ሒሳብ ይሞላል። አሥር ደቂቃ መንገድ የምትሄድ ሴት ስትደርሰው ያ ሁሉ ጥበቃ ለትንሽ ብር ሆነ ማለት ነው። እሳቸው ግን እስከ በሩ አድርሰው፣ ሒሳባቸውን ተቀብለውም አልሄዱም። መብራታቸውን አብርተው መግባቴን ለማየት ቆሙ።

አልገባሁም። ጠረጴዛው ላይ የነበረው ወጣት ስሜን ፈልጎ አጣው። ኢንተርኔት ላይ የያዝኩበት ድርጅት ለሆቴሉ አላሳወቀም፤ ክፍል ደግሞ አንድም የለም፣ በታዳጊዎች የእግር ኳስ ውድድር ተይዟል። ማረጋገጫውን በስልኬ አሳየሁት። አየው፣ አዘነ፣ ሁለት ሌላ ሆቴል ደወለ፤ እነሱም ሙሉ ናቸው። ሻንጣዎቼን እንኳ እስከ ጠዋት አስቀምጥልኝ ብለው፣ ዕቃ የሚይዙት ለእንግዶቻቸው ብቻ እንደሆነ ነገረኝ።

ስወጣ ሽማግሌው ገብቷቸዋል።

«ቤት አለ» አሉኝ ገና ሳልናገር። «ባለቤቴ አለች፣ ልጆቹ ክፍል ይለቁልሻል። ጠዋት አደርስሻለሁ።» ደውለውም አገናኙኝ። ከእንቅልፏ የተነሳች ሴት «ነይ እንጂ የኔ እናት፣ ምን ችግር አለው! አልጋው ተነጥፏል» ትላለች። ያልተነጠፈ እንደሆነ እሷም እኔም እናውቃለን።

ደግነታቸውን ለአፍታ አልተጠራጠርኩም። ቤታቸው ግን ማናሰስ ነው፤ ደርሰው እስኪመለሱ የቀረው ሌሊት ያልቃል፣ ሥራቸው ይበላሻል። እምቢ አልኩ። «እንግዲያው ዕቃው መኪናው ውስጥ ይደር፣ አንቺ ተርሚናሉ ውስጥ ጋደም በይ፤ ጠዋት አመጣልሻለሁ» አሉ። ይህንንም አልቻልኩም። ከእጄ ወጥቷል ወይ ስባል ምን ልመልስ ነው? የቨርጂኒያ የሐምሌ ፀሐይ ከወጣ በኋላስ፣ በተዘጋ የመኪና ዕቃ መጫኛ ውስጥ የዚያች ልጅ ስትሪፕ ምን ይሆናል? ካልሲዎቹ ፊቴ ላይ መጡብኝ።

«ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ አደራ ስለያዝኩ ነው» አልኳቸው።

«አደራ ከሆነ ልክ ነሽ» አሉና ወደ ደለስ መለሱኝ። የመመለሻውን ሒሳብ አልቀበልም አሉ። ወንበሩ ላይ ትቼው ስወርድ ጠርተው በመስኮቱ መለሱልኝ።

ተርሚናሉ ውስጥ፣ ታችኛው ፎቅ ላይ፣ ያልጠበቅሁት ነገር ጠበቀኝ። ከኮሎምበስ ኦሃዮ በመኪና የመጡ ባልና ሚስት ከልጆቻቸው ጋር፣ ከሻርሎት የመጡ አንዲት እናት፣ ሌሎችም፣ ሁሉም የጠዋቱን በረራ የሚጠብቁ። ሻንጣዎቻቸውን ገጥመው አጥር ሠርተዋል፤ ልጆቹ መሀል ላይ ተኝተዋል። የኮሎምበሷ ሴት ሁለት ሻንጣ ገፋ አድርጋ በር ከፈተችልኝና «ነይ ግቢ» አለችኝ። የእኔም ሻንጣዎች አጥሩ ላይ ተጨመሩ።

የመጀመሪያውን ዘብ ባልየው ያዘ። በአልሙኒየም የተጠቀለለ ፍርፍር ወጣ፤ ቀዝቅዟል፣ ግን ከሲያትል ከተነሳሁ እህል አፌ አልገባምና ጣፈጠኝ። ውጭ ሙቀት ነው፣ ውስጥ ኤሲው አጥንት ይሰብራል፤ የሻርሎቷ እናት ጋቢያቸውን ሰፋ አድርገው ግማሹን ለእኔ ጣሉልኝ። እኔን ልጄ እያሉ፣ ስለ ጉልበታቸው፣ ሐኪም ስለነገራቸውና እሳቸው ስላልተቀበሉት ነገር ሲያወሩኝ እንቅልፍ ወሰደኝ። አንድ ጊዜ ፖሊስ መጥቶ ፓስፖርትና ቲኬት አይቶ አለፈ። ሊነጋጋ ሲል ባልየው ቀሰቀሰኝ፤ ተራዬ ነበር። ሁሉም ተኝቶ እኔ ብቻ ነቅቼ የዚያን ሁሉ ሰው ሻንጣ ስጠብቅ፣ ከዚያ ቀደም ሲል ያስጨነቀኝ ነገር ሁሉ ቀለለኝ።

ጠዋት ሰልፉ ሲጀመር የታወቀው የኪሎ ገበያ ተነሳ። «ኪሎ ተርፎሽ ይሆን?» «ሁለት አለኝ» ይባባላል፤ ወለሉ ላይ የተከፈተ ሻንጣ፣ የሚወጣ፣ የሚገባ። በአገር ውስጥ በረራ ማንም ያልመዘነው የእጅ ቦርሳዬ እዚህ ከ7 ኪሎ እንዳይበልጥ ነው። በልጧል። ትልልቆቹ ሻንጣዎች ደግሞ አፍ እስከ ገደፋቸው ሞልተዋል፤ ከእነሱ አንድ ነገር ካልወጣ ከቦርሳው የሚገባ የለም። የኮሎምበሱ ሰውዬ ከአንደኛው ሻንጣው ሁለት ኪሎ ያህል ተርፎታል።

የተመራቂውን ጫማ አውጥቼ ሰጠሁት። ወዲያው አልከተተውም። ይቅርታ ጠየቀኝና ሳጥኑን ከፈተ፤ እያንዳንዱን ጫማ አወጣ፣ እጁን እስከ ጣቶቹ መድረሻ ሰዶ ዳበሰ፣ ሶሉን አጠፍ አጠፍ አደረገ፣ የውስጡን ንጣፍ በጥፍሩ ከፍ አድርጎ አየ፣ ወረቀቱን አርግፎ መልሶ ጠቀጠቀ። ቅር ይለኛል ብሎ ሰግቶ ቀና ብሎ አየኝ። ባቅፈው ደስ ባለኝ።

ቦሌ ሻንጣ መረከቢያው ላይ ሳጥኑን መለሰልኝ፤ የሻርሎቷን እናት ዊልቸር ቀድሞ አሳልፏቸው ነበር። ተመራቂው ከእህቶቼ ጋር ውጭ መኪና ማቆሚያው ጋ ቆሞ ነበር። እዚያው ድንጋዩ ላይ ቁጭ ብሎ ለካው። በቀኙ ትንሽ ጠበብ ይላል፤ በወፍራም ካልሲ ካላደረግሁት ይሆነኛል አለ።