ለዶፍ የተከፈለ ቀብድ

የአዲስ አበባ ሰው ብልሃት እያደር ይጨምራል። ድሮ ዝናብ ሲመጣ ሰው ወደ ቤቱ ይሮጥ ነበር፤ ዘንድሮ ቀብድ ከፍሎ፣ ስሙን አስመዝግቦ፣ ቅዳሜ ከንጋቱ 11 ሰዓት ተነስቶ ዝናቡን አገሩ ድረስ ሄዶ ይቀበለዋል። በሐምሌ፣ ጉሙ ከእንጦጦ ወርዶ ሽሮ ሜዳ አስፋልት ላይ በተኛበት ሰዓት፣ የጀርባ ቦርሳ ያዘሉ ወጣቶች ሚኒባስ ሲጠብቁ ብታዩ አከራይ ያስወጣቸው እንዳይመስላችሁ። ሃይከሮች ናቸው። ወንጪ ሐይቅ ሊሄዱ ነው።

ማስታወቂያው ላይ ሰማዩ ጥርት ያለ ነው፣ ሜዳውም በአደይ አበባ ቢጫ ሆኗል። ቁርስ፣ ምሳ፣ ትራንስፖርት፣ ፎቶና ሰርተፊኬት በዋጋው ተካትተዋል ይላል። ዶፉ በነፃ መሆኑ አልተጻፈም፤ የአዘጋጆቹ ትሕትና ነው።

ወንጪ ከአዲስ አበባ ወደ 150 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል፤ በአምቦና በወሊሶ መካከል፣ በጠፋ እሳተ ገሞራ አፍ ውስጥ የተኛ ሐይቅ ነው። የገደሉ አናት ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,000 ሜትር ያልፋል። በጥቅምት ቢሄዱ ውኃው፣ ደሴቱ፣ የቂርቆስ ገዳም፣ የእንሰቱ ማሳ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ይህ ግን ለተራ ሰው ነው። ዓይን ያለው ሁሉ የሚያየውን ማየት ምን ጀግንነት አለው? የኛዎቹ በሐምሌ ገደሉ አናት ላይ ይቆማሉ። ከፊታቸው እንደ ታጠበ አንሶላ የተሰጣ ጉም አለ። አስጎብኚው ወደ ነጩ ነገር እየጠቆመ «ሐይቁ እዚያ ጋ ነው» ይላል። «ዋው!» ይላሉ፤ ሰልፊ ይነሳሉ፤ ከጀርባቸው ምንም የለም።

ከዚያ በቂጣቸው እየተንሸራተቱ ይወርዳሉ። ሲመለሱ ጭቃው አላስኬድ ሲላቸው ፈረስ ይከራያሉ። በእግሩ ለመሄድ የከፈለ ሰው፣ በእግሩ ላለመሄድ ድጋሚ ይከፍላል ማለት ነው። ፈረሱን የሚስበው ልጅ በኮንጎ ጫማ፣ ላስቲክ ተከናንቦ፣ በዚያው ጭቃ ሽቅብ ይሮጣል። እሱ ሃይከር አይባልም፤ አልከፈለማ።

እኔን የሚገርመኝ ሽሮ ሜዳ ቆመው ወንጪን መመኘታቸው ነው። የተፈለገው ዳገት፣ ጭቃና ብርድ ከሆነ እዚሁ ራስጌያቸው ላይ ሞልቷል። የእንጦጦን ብርድ ያልቻሉት ዳግማዊ ምኒልክና እቴጌ ጣይቱ በ1879 ዓ.ም. ወደ ፍልውሃ ሙቀት ወርደው አዲስ አበባን ቆረቆሩ። ምስኪኖች፣ ሃይኪንግ ስላልነበረ ከብርድ መሸሽ ነውር አልመሰላቸውም።

ከእንጦጦ ዛሬም የሚወርዱ አሉ። የባሕር ዛፍ ጭራሮና ቅጠል ወገባቸውን ያጎበጣቸው እናቶች ሸክሙን በገመድ ደረታቸው ላይ አስረው፣ ዓይናቸውን ከእግራቸው ሥር ሳይነቅሉ፣ በዝናብ ይወርዳሉ። ሸክሙ ከጎንና ጎናቸው ስለሚተርፍ መኪና ሲመጣ በአንድ ጎናቸው ዞረው ያሳልፉታል። የጀርባ ቦርሳ ካሉ ይህ ነው። ሰርተፊኬት የሰጣቸው የለም። ሚኒባስ ጠባቂዎቹ ግን ፎቶ ያነሷቸውና «ጽናት» ብለው ይለጥፉታል።

የሐይቅ አገር ወሬ ካማራቸውም ሸማኔዎቹን መጠየቅ ነው። ብዙው የሽሮ ሜዳ ሸማኔ ዘሩን የሚቆጥረው ከጋሞ ደጋ፣ ከዶርዜና ከጨንቻ፣ ማለትም ከአባያና ከጫሞ ሐይቆች ራስጌ ነው። አገሩ ዝናብ አያጣም። አባቶቻቸው ያንን ጭቃና ያንን ቁልቁለት ለቀው የመጡት እንጀራ ፍለጋ ነው። ለአንድ አዛውንት ሸማኔ የሃይከሮቹ ነገር ሲነገራቸው፣ እግራቸውን ከሸማ ጉድጓዱ ሳያወጡ «ምን ጠፍቷቸው ነው?» ብለው ጠየቁ። «ምንም አልጠፋቸው አባባ፣ ለመዝናናት ነው» ተባሉ። መወርወሪያቸውን አንዴ ወዲያ አንዴ ወዲህ ሰደድ አደረጉና «እግዜር ይማራቸው» አሉ።

ሳይቸግር ጤፍ ብድር ይሏል ይህ ነው። ክረምት በአገሩ አቆጣጠር ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25 ነው፤ ሐይቁ እስከዚያ የትም አይሄድም። ግን ማን ይጠብቃል? በመስከረም ማብቂያ የሄደ ሰው ምን ብሎ ያወራል? «ሐይቁን አየሁት» ነው የሚለው?

ለመጪው ቅዳሜ ቀብድ የከፈላችሁ፣ መንገዱ ይቅናችሁ። ዝናብ አያስገባም የተባለው ጃኬታችሁ ማስገባቱ አይቀርምና፣ ከመሳፈራችሁ በፊት ሽሮ ሜዳ ገበያ ጎራ በሉና ጋቢ ግዙ። ለዶፉ የተጠየቃችሁትን ሳታንገራግሩ ከፍላችኋል፤ ሸማኔውንም «ቀንስ፣ ቀንስ» እያላችሁ አታድርቁት።