አደገኛዋ ልብስ ሰፊ

የአሜሪካ ሕፃናት ጠላት በመጨረሻ ተገኘች። የተያዘችው ከሲንጀሯ ፊት ተቀምጣ፣ ስፒል በከንፈሯ ነክሳ፣ ለጎረቤት ልጅ የልደት ቀሚስ ስትሰፋ ነው። ጭኗ ላይ አበባ ያለበት የጥጥ ጨርቅ ተዘርግቷል። ከዚህ ወዲያ ምን ማስረጃ ያሻል?

እርግጥ ነው፣ ነገሩ የተጀመረው ከእሷ ቤት አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ2006 ሚኒያፖሊስ ውስጥ አንድ የአራት ዓመት ልጅ፣ ከጫማ ጋር በስጦታ የመጣ ጌጥ ውጦ ሞተ፤ ጌጡ የእርሳስ ማዕድን ነበር። በ2007 ደግሞ ማቴል የተባለው ግዙፍ የአሻንጉሊት ኩባንያ፣ ቻይና ውስጥ እርሳስ ባለበት ቀለም የተቀቡ ወደ 1.5 ሚሊዮን የሚጠጉ መጫወቻዎችን ከየአገሩ ሰበሰበ። እርሳስ የሕፃንን አእምሮ የሚጎዳ መርዝ ነውና ወላጅ ቢደነግጥ አይፈረድበትም። ሕግ አውጪዎቹም ደነገጡ። የተወካዮች ምክር ቤት 424 ለ1፣ ሴኔቱ 89 ለ3 በሆነ ድምፅ የሸማቾች ምርት ደህንነት ማሻሻያ ሕግን አጸደቁ፤ ፕሬዚዳንት ቡሽም ኦገስት 14 ቀን 2008 ፈረሙበት። የልጆችን ደህንነት ተቃወመ መባልን ማን ይፈልጋል? (ያን ሁሉ ገጽ አንብቦ የጨረሰው ስንቱ እንደሆነ መጠየቅ ነውር ነው።)

ሕጉ አድልዎ አያውቅም። ዕድሜው 12 ዓመትና ከዚያ በታች ለሆነ ልጅ የተሠራ ዕቃ ሁሉ ተጠርጣሪ ሆነ፦ ብስክሌቱም፣ መጽሐፉም፣ ካልሲውም። እያንዳንዱ ዕቃ በገለልተኛ ላቦራቶሪ ይመርመር ተባለ። ለቀሚስ ሲሆን ጨርቁ ለብቻ፣ ክሩ ለብቻ፣ ቁልፉ ለብቻ፣ ዚፑም ለብቻ ማለት ነው። አንድ ዓይነት ሱሪ መቶ ሺህ ጊዜ ለሚያመርት ፋብሪካ ይህ ወጪ ለእያንዳንዱ ሱሪ ሲካፈል ከሳንቲም አይዘልም። ከየዓይነቱ አንድ ብቻ የምትሰፋዋ ሴት ግን ያላትን አንዷን ቀሚስ ትልካለች። ላቦራቶሪው ናሙናውን ቆራርጦ በአሲድ ያሟሟና የምስክር ወረቀቱን ይልክላታል። ቀሚሷ የለችም እንጂ ደህንነቷ ተረጋግጧል። ማንም የማይለብሳት ቀሚስ ማንንም አትጎዳምና ሕጉ ግቡን መትቷል።

የመጀመሪያው የእርሳስ ገደብ፣ ከሚሊዮን 600 እጅ፣ የሚጸናበት ፌብሩዋሪ 10 ቀን 2009 ሲቃረብ የእጅ ሥራ ሻጮቹ ቀኑን «ብሔራዊ የኪሳራ ቀን» አሉት። መደርደሪያ ላይ ያለው የቆየ ዕቃ እንኳ ከገደቡ ካለፈ አይሸጥም ነበርና፣ የልባሽ ሱቆችም የልጆችን ልብስ ያነሱ ጀመር። ከ1985 በፊት የታተሙ የሕፃናት መጻሕፍትም በቀለማቸው ምክንያት ጥርጣሬ ስለወደቀባቸው የቤተ መጻሕፍት ሠራተኞች ግራ ተጋቡ። መንግሥትስ አንጀቱ መች ጨካኝ ነው? ቀኑ ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው፣ ጃንዋሪ 30፣ የሸማቾች ምርት ደህንነት ኮሚሽን የምርመራውንና የምስክር ወረቀቱን ግዴታ በብዙ ዕቃዎች ላይ ለአንድ ዓመት አቆየው። ገደቡን ግን አላቆየውም። በአጭሩ፦ እርሳስ ይኑረው አይኑረው ማስመርመር የለብሽም፤ ኖሮት ከተገኘ ግን ወዮልሽ። ወዮታውም ቢሆን በልኩ ነው፤ ሕጉ የገንዘብ ቅጣቱን ጣሪያ ለአንድ ጥፋት 100,000 ዶላር፣ ለተያያዙ ጥፋቶች ሲደመር 15 ሚሊዮን ዶላር አድርሶት ነበር። ቀሚሷን በሃያ ዶላር ለምትሸጥ ሴት የሚገባ አክብሮት ነው።

ሕጉ ከተፈረመ ከዓመት በኋላ፣ በኦገስት 2009፣ ኮሚሽኑ ታላቅ ግኝቱን አወጀ፦ ጨርቅ፣ ቀለም ቢነከርም ባይነከርም፣ ከገደቡ ያለፈ እርሳስ የለውም፤ ስለዚህም ለእርሳስ መመርመር አያስፈልገውም። ጥጥ ጥጥ መሆኑ በይፋ ታወቀ። በዚያው ሰሞን ማቴል በራሱ ላቦራቶሪዎች የራሱን አሻንጉሊቶች እንዲመረምር ተፈቀደለት። በመርማሪውና በአምራቹ መካከል አጥር አለ ተባለ፤ ልብስ ሰፊዋ ግን በመርፌዋና በሕሊናዋ መካከል የሚታጠር አጥር ስለሌላት አትታመንም። ማቴል በቀለሙ ጉዳይ የ2.3 ሚሊዮን ዶላር ቅጣት ከፍሎ ተገላገለ። አባቶቻችን አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይሉ ነበር፤ እዚህ ዳውላውን ደብድበው ሲያበቁ ለአህያው ገብስ ጨመሩለት።

በ2011 ምክር ቤቱ ትንሽ አፈረ። ጠቅላላ ሽያጩ፣ በያኔው ልክ፣ ከ1 ሚሊዮን ዶላር የማይበልጥ፣ ከአንድ ዓይነት ዕቃም ከ7,500 በላይ የማያመርት ሰው በየዓመቱ ከተመዘገበ ከብዙዎቹ የላቦራቶሪ ምርመራዎች ይድናል። ቁልፉ ቀለም የተቀባ ከሆነ ግን አይድንም። የምስክር ወረቀት መጻፍም፣ ማን የት መቼ እንደሠራው የሚናገር የማይላቀቅ ምልክት ልብሱ ላይ መስፋትም አልቀረም። ዓመቱን ሙሉ ሦስት ቀሚስ የሰፋችው ሴት የምርት ዙር መዝገብ ትይዛለች፤ ዙር አንድ፣ ቀሚስ አንድ።

ይህን የምጽፈው ለፈረንጅ ብቻ አዝኜ አይደለም። ሲልቨር ስፕሪንግም ሆነ ሌላ የአሜሪካ ከተማ ተቀምጣ ለክርስትናና ለእንቁጣጣሽ የልጆች የሐበሻ ቀሚስ የምትሸጥ እህታችንም በዚሁ ሕግ ሥር ናት። ሸማው ጥጥ ነውና ከእርሳስ ምርመራ ነፃ ነው። ስለ ልብስ መቀጣጠል የወጣው ደንብ ግን ሌላ ነው፤ ስስ ጥጥ ቶሎ እንደሚነድ እኛም እናውቃለን። ለስላሳ ገጽ ያለው ጨርቅ በካሬ ያርድ 2.6 አውንስ ከመዘነ ከመቃጠል ፈተናው ነፃ ነው፤ ሸማኔው እጁ ቀጥኖ ከዚያ አሳንሶ ከሸመነው ግን መሥፈርቱን ስለማሟላቱ ተጠያቂዋ እሷ ናት። ስለዚህ ነጠላውን ከመስፋቷ በፊት በሚዛን ታስቀምጠው። ወይም ጥለቱን ፋብሪካ ያተመበት ፖሊስተር ትግዛ፤ ፖሊስተር የፈለገውን ያህል ቢሳሳ ከዚህ ፈተና ነፃ ነው።