ባለ አሥር መስመሩ ጸሐፌ ትዕዛዝ

ዳግማዊ ምኒልክ ጸሐፌ ትዕዛዝ ገብረ ሥላሴ ነበሯቸው፤ የንጉሡን ዘመን ጽፈው አቆይተውልናል። እኛም አንድ ጸሐፌ ትዕዛዝ አለን። የሚኖረው ኮልፌ አጠና ተራ አጠገብ፣ የአንድ ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ ድሮ መጥረጊያና ባልዲ ይቀመጥበት በነበረ ክፍል ውስጥ፣ ግድግዳ ላይ በተሰቀለ የብረት ሳጥን ነው። ቀን ከሌት ያጉረመርማል። ደመወዝ የለውም። የታዘዘውን ሁሉ ይመዘግባል፤ አሥር መስመር ሲሞላበት ግን ለአሥራ አንደኛው ቦታ ለመስጠት የመጀመሪያውን ይሰርዛል። የዚህ ጥናት ዓላማ እኚህን ባለሥልጣን በሚገባቸው ማዕረግ ማስተዋወቅ ነው።

ለማያውቃቸው፦ ስማቸው ራውተር ነው፤ ኢንተርኔትን ለየክፍሉ የሚያከፋፍሉ ናቸው። በማውስ አይታዘዙም። በጥቁር ስክሪን ላይ አንድ መስመር ተጽፎ ኢንተር ሲጫኑላቸው ብቻ ይሰማሉ። ቀደም ሲል ያዘዟቸውን ለማየት «ሾው ሂስትሪ» ይባላል፤ ወይም በኪቦርዱ ላይ ወደ ላይ የሚያመለክተው ቀስት ይነካል። አንዴ ሲነኩት የመጨረሻው ትዕዛዝ፣ ሁለቴ ሲነኩት ከዚያ በፊት የነበረው እየተመለሰ ይመጣል። ቀስት የማይገባው አሮጌ ተርሚናል ላይ ከሆኑ ኮንትሮልና ፒ ያው ነው።

አሥር የሚለው ቁጥር ከየት እንደመጣ ሊቃውንት ሊመረምሩት ይገባል። ሲስኮ የሚሠራው ራውተር ካልነኩት በስተቀር አሥር ይይዛል። «ዲስፕሌይ ሂስትሪ-ኮማንድ» ሲባል የሚመልሰው ሁዋዌም አሥር ነው የሚይዘው። ሲስኮ እ.ኤ.አ. በ2003 ሁዋዌን ሶፍትዌሬን ገልብጧል፣ የትዕዛዝ አጻጻፌን ሳይቀር ወስዷል ብሎ ፍርድ ቤት አቁሞት ነበር፤ ጉዳዩ የተዘጋው በ2004 ነው። እንዲህ የተካሰሱ ሁለት ቤቶች፣ ሰው ከአሥር ትዕዛዝ በላይ ማስታወስ አያስፈልገውም በሚለው ላይ ግን አልተለያዩም።

ኮልፌ ለትዕዛዝ እንግዳ አይደለችም። ኔልሰን ማንዴላ እ.ኤ.አ. በ1962 ወታደራዊ ሥልጠና የወሰዱት እዚሁ፣ በፈጥኖ ደራሽ ፖሊስ ሰፈር ነው። ለስድስት ወር የታሰበው ሥልጠና ገና ሳያልቅ ትግሉ ወደ አገራቸው ጠራቸው። በዚያ ሰፈር የላይ ቀስት አልነበረም። «ጌታዬ፣ ከሦስት ትዕዛዝ በፊት ያሉትን ይድገሙልኝ» የሚል ምልምል ምን እንደሚገጥመው ለመገመት የታሪክ ምሁር መሆን አያሻም።

አሁን ወደ ምደባው። አዲስ አበባ የራሷ የምደባ ሳይንስ አላት፤ ተራ ይባላል። ሸማው በሸማ ተራ፣ አጠናው በአጠና ተራ ይቀመጣል፤ ተራ ሲባል ተራ ነገር ማለት አይደለም። እኛም የላይ ቀስት ተጠቃሚዎችን በሦስት ተራ ከፍለናል።

አንደኛ፣ አጠና ተራ። እነዚህ ቀስት አይነኩም። ረጅሙን ትዕዛዝ ከሥሩ እስከ ጫፉ አንድም ፊደል ሳያሳጥሩ ደግመው ይጽፉታል። ደብተር አላቸው። ቁጥራቸው እየመነመነ ነው።

ሁለተኛ፣ ቦምብ ተራ። በታሪካቸው ውስጥ «ሪሎድ» የሚል፣ ማሽኑን አጥፍቶ የሚያስነሳ ትዕዛዝ ተቀብሮ የሚዞሩ ናቸው። ቀስትና ኢንተርን አከታትለው ይመታሉ። ማሽኑ «እርግጠኛ ነህ?» ሲል መልሱ ኢንተር ነው፤ ጣታቸው ደግሞ ከኢንተር ላይ ገና አልተነሳም። የዚህ ተራ መኖር የሚታወቀው ከኮሪደሩ «ኔትወርክ ሄደ!» የሚል ድምፅ ሲመጣ ነው።

ሦስተኛ፣ ምናለሽ ተራ። እዚህ ላይ ጥናቱ ቁጭ ይላል። መርካቶ ምናለሽ ተራ የሚሄድ ሰው ምን እንደሚገዛ አያውቅም፤ ያለውን አይቶ ይወስናል። የዚህ ተራ አባልም ማሽኑን «ምን አለሽ?» እያለ ቀስቱን ይነካል። (በዚህ ተራ የባለሥልጣኑ ፆታ ይለወጣል፤ ለምን እንደሆነ ሌላ ጥናት ይጠይቃል።) ሲከፋፈል ቆጣሪ፣ አላፊና አጽናኝ ይሆናል። ቆጣሪው «አራት ጊዜ ወደ ላይ» ብሎ በቃሉ ይይዛል፤ ሁልጊዜም አምስት ነው። አጽናኙ ከጀርባ ቆሞ «አሁን ትመጣለች፣ አሁን» የሚለው ነው። አላፊው ግን የኛው ክፍል ባልደረባ ስለሆነ በቅርብ ተጠንቷል።

የላፕቶፑ የላይ ቀስት ምልክቱ ጠፍቶ ነጭ ሆኗል። የሚፈልገው ጠዋት የጻፈውን አንድ መስመር ነው። ይነካል፤ ፒንግ፣ የግንኙነት መፈተሻው ትዕዛዝ። ይነካል፤ ያው ፒንግ በፊደል ግድፈት፤ ጸሐፌ ትዕዛዙ ስህተትንም እንደ ትክክሉ ያከብራሉና። ይነካል፣ ይነካል፣ ይፈጥናል፣ የሚፈልገውን ያልፈዋል። «ነበረች እኮ!» የታች ቀስቱን ይይዛል፤ በታች በኩልም ያልፈዋል። ሻዩ ቀዝቅዟል። ትዕዛዙን በእጅ ለመጻፍ ግማሽ ደቂቃ ይበቃ ነበር፤ ይህን ለመናገር ግን የክፍሉ ሥነ ሥርዓት አይፈቅድም። አንድ ቀን ሩብ ሰዓት ሙሉ ፈልጎ ያጣው ትዕዛዝ የማዋቀሪያ ትዕዛዝ ነበር። በማዋቀሪያው ክፍል የተጻፈ የሚመዘገበው በዚያው ክፍል መዝገብ ነው፤ ከውጭ ቢፈልጉት አይገኝም። ሰውዬው ሳሎን የጣለውን ቁልፍ ጓዳ ውስጥ ሲፈልግ ነበር።

መፍትሔ ብሎ «ተርሚናል ሂስትሪ ሳይዝ 256» ጻፈ፤ ጣሪያው 256 ነው። ያን ቀን ከሰዓት በኋላ በ256 መስመር ውስጥ ሲያልፍ ዋለ። በማግስቱ ሲገባ ወደ አሥር ተመልሷል፤ ያ ፈቃድ የሚጸናው በገቡበት ቆይታ ብቻ ነው። ደስ አለው መሰለኝ።

አራተኛና አምስተኛ ተራ አዘጋጅቼ ነበር። አንድ ሰኞ ጠዋት የተፈጠረው ነገር አስተወኝ።

ሁለተኛው ፎቅ በሙሉ ኢንተርኔት አጣ። አለቃችን መጡና የሙያችንን ጥንታዊ ጥያቄ ጠየቁ፤ «ማን ነካው?» አምስታችንም ጥንታዊውን መልስ ሰጠን፤ «እኔ አልነካሁም።» የጥናቱ ባለቤት ስለሆንኩ «ታሪኩ ይናገራል» አልኩና በሁሉም ፊት ከፈትኩት። ሁለት መስመር ነበር፤ የገባሁበት «ኢኔብል» እና የጠየቅሁበት «ሾው ሂስትሪ»። ሁለቱም የእኔ ናቸው። አለቃችን ስክሪኑን አዩ፤ ከዚያ እኔን አዩኝ።

ጸሐፌ ትዕዛዙ የሚጽፉት ለአዛዡ ብቻ ነው፤ ለያንዳንዱ ገቢ ሌላ መዝገብ ይከፍታሉ፤ ሲወጣ ይቀድዱታል። መብራት ሲሄድም እንዲሁ። እጅህ የሠራውን ለራስህ ያስታውሱሃል እንጂ ሌላው የሠራውን አይነግሩህም። ማን ምን እንዳዋቀረ ከነስሙ የሚይዝ «አርካይቭ» ውስጥ የሚከፈት ሌላ መዝገብ አለ፤ ግን ካልከፈቱት አይጽፍም። እኛ አልከፈትነውም ነበር። ብንከፍተውም አምስታችንም የምንገባው «አድሚን» በሚል በአንድ ስም ስለነበር ጥፋተኛው አድሚን ሆኖ ይገኝ ነበር።

ካንተም መሥሪያ ቤት እንዲሁ ከሆነ፣ ሰኞ ሳይመጣ መዝገቡን ክፈት፤ ለየሰዉም የየራሱን ስም ስጥ። እኛ ባለፈው ወር አደረግነው። ከዚያ ወዲህ ማንም ምንም አልነካም፤ መነካት ያለበትም ሳይነካ ተቀምጧል።