የአቶ ዊንዶውስ 10 አጭር የሕይወት ታሪክ

የተከበራችሁ ለቅሶ ደራሾች፤ አቶ ዊንዶውስ 10 እ.ኤ.አ. ጁላይ 29 ቀን 2015 ለዓለም ቀረቡ። እኛ ቤት ግን የገቡት፣ እዚህ ኬንያ ሞያሌ እንደሚገባው ብዙ ዕቃ፣ በፓንያ፣ በኮንትሮባንድ መንገድ ነው፤ ሳይቀረጡ፣ የፈቃድ ቁልፍ ሳይኖራቸው፣ በአንድ የሰፈር ልጅ ፍላሽ ታዝለው። የኬንያና የኢትዮጵያ መንግሥታት እ.ኤ.አ. በ2020 የጋራ ኬላ መርቀው ሰውም ጭነትም በአንድ ጣሪያ ሥር ሰነዱን አሳይቶ ሲያልፍ፣ እርሳቸው በዚያ በኩል ዝር ብለው አያውቁም።

ማይክሮሶፍት ድጋፉን ያቆመው ኦክቶበር 14 ቀን 2025 ነው። ወዲያ ማዶ ላላችሁ ዘመዶች፣ ጥቅምት 4 ቀን 2018። በሁለቱም አቆጣጠር ሞተዋል። ማብሪያውን ሲጫኗቸው ዛሬም ይነሳሉ፤ ጎረቤት ይህን አይቶ "አሉ እኮ!" ቢላችሁ አትስሙት፣ ከእንግዲህ ቀዳዳቸውን የሚደፍን የለም። አንድ ዓመት የሚያቆይ መድኃኒት፣ የደኅንነት ማሻሻያ፣ በ30 ዶላር ይሸጥ ነበር። ለዚያ ግን መታወቂያ ይጠየቅ ነበር፤ እርሳቸው ደግሞ ስክሪናቸው ጥግ ላይ "አክቲቬት ዊንዶውስ" የሚል መጥሪያ ተለጥፎባቸው የኖሩ ናቸው።

ደግ ነበሩ፤ በተለይ ለቫይረስ። የጫናቸው ልጅ ክራኩን ለማስገባት መጀመሪያ ያሰናበተው ዘበኛውን፣ አንቲቫይረሱን ነበር። ከዚያ ወዲህ የሰፈሩ ፍላሽ ሁሉ ቤተኛ ሆነ፤ ፎልደሩ ሁሉ ሾርትከት ሆኖ ቀረ። ሌሊት አፕዴት ብለው ተነስተው የኢንተርኔት ባንድላችንን ጨርሰው ያድሩ ነበር። "በነፃ ነው ያገኘናቸው" እንል ነበር፤ በታመሙ ቁጥር ለዚያው ልጅ የከፈልነውን ደምሮ የሚያውቅ የለም፣ ልጁ ግን ሞተር ገዝቷል።

ታናሽ ወንድማቸው ዊንዶውስ 11 ለቅሶ መጥተው ነበር። ወንበር ስንስብላቸው "የደኅንነት ቺፑ ቲፒኤም 2.0 አለ? ፕሮሰሰሩስ ስንተኛ ትውልድ ነው?" አሉ። ከኢንቴል ከስምንተኛው ትውልድ በታች አይቀመጡም። ከናይሮቢ ያገለገለ ሆኖ የመጣው ኮምፒውተራችን ስድስተኛ ነው፤ ንፍሮ እንኳ ሳይቀምሱ ሄዱ።

ቤቱን የወረሰው ኡቡንቱ ነው፤ ደቡብ አፍሪካዊው ማርክ ሹትልወርዝ እ.ኤ.አ. በ2004 ያስጀመረው የሊኑክስ ወገን። ክፍያ የለውም፣ ፈቃዱም ሕጋዊ ነው። የሰፈሩ ጥርጣሬ የመጣው ከዚሁ ነው። እዚህ ቀረጥ ያልተከፈለበት ዕቃ ማታ ይገባል እንጂ በጠራራ ፀሐይ አይገባም። አጎቴ እስካሁን "ቆይ፣ ማን ከፈለለት?" እያሉ በጎሪጥ ያዩታል።

አማርኛ ይጽፋል። የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ ውስጥ ስለገባ፣ ኪቦርዱን መርጦ በላቲን ፊደል ሰላም ብሎ ለመታ ሰላም ይወጣለታል። ከዩኒኮድ በፊት በነበረው ፎንት የተጻፈው የዕድራችን መዝገብ ግን ሲከፈት ሰው የማያነበው ምልክት ሆኗል። ጸሐፊው ፎንቱን ፈልጎ እስኪጭን ድረስ ማን መዋጮ እንዳልከፈለ አይታወቅም። ድንኳኑ ሳምንት ይቆይልን ያላችሁ አባላት፣ ምክንያታችሁ ገብቶናል።